በመጀመሪያ ማን ነበረ?

(በሬድዮ የተላለፈ ትምህርት፤ ለትራክት እንዲሆን ተስተካክሎ የቀረበ)

የንባብ ክፍሎች፦ ዘፍጥረት 1፥1-5፤ ኢዮብ 13፥1-12፤ ኢዮብ 38፥1-7፤ ዕብራውያን 11፥1-3

  መጽሐፍ ቅዱስ በአጠገባችሁ ካለ የዘፍጥረትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ክፈቱ። ዛሬ ሩቅ አንሄድም፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቁጥሮች አንወጣም።

ወደ ቃሉ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ እርማት አለኝ። እርማት የሚባለው ነገር በመድረክ ላይ ብዙም የተለመደ አይደለም። ጋዜጣ ሲሳሳት በሚቀጥለው እትም ይቅርታ ይላል። እኛ ሰባኪዎች ግን የተሳሳትነውን በሚቀጥለው እሑድ በሌላ ስብከት እንሸፍነዋለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አድርጌያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጋቢት ወር አንድ ዜና በዓለም ሁሉ ተሰማ። በደቡብ ዋልታ በረዶ ላይ ባይሴፕ 2 በተባለ ቴሌስኮፕ ሰማይን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የአጽናፈ ዓለምን የመጀመሪያ ቅጽበት አሻራ አገኘን ብለው መግለጫ ሰጡ። ዜናውን የሰማሁት እንደ እናንተ በሬድዮ ነው። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁ፤ ትኩስ ነበርኩ። በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ወጣሁና «ሳይንቲስቶች የፍጥረትን ቅጽበት በዓይናቸው አዩ፤ ከእንግዲህ የሚከራከር የለም፤ ሳይንስ ለዘፍጥረት ተንበርክኮ ፈረመ» ብዬ ሰበክሁ። ሕዝቡ ቆሞ አመሰገነ። እልልታው እስከ መንገድ ተሰማ።

በዚያ ጉባኤ መካከል አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረ። የወጣቶች መዘምራን ውስጥ የሚያገለግል፣ እናቱ አስራት ቀድማ ለይታ የምታመጣ፣ በጸሎት ያደገ ልጅ። በዚያ ስብከት ልቡ ተቃጠለ። «ፓስተር፣ ፊዚክስ ነው የምማረው» አለኝ። ባረክሁት። ዩኒቨርሲቲ ገባና የተናገረውን ፈጸመ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለዕረፍት ሲመጣ፣ ከአገልግሎት በኋላ ጠብቆ ቢሮዬ ገባና በቀስታ እንዲህ አለኝ፦ «ፓስተር፣ ያ የሰበኩልን ግኝት እኮ አቧራ ሆኖ ነው የተገኘው። በዓመቱ ራሳቸው አርመውታል። ለሕዝቡ አልነገሩም?»

እኔ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር፤ አላልኩም። በጥቅስ ዘጋሁት። እውቀት ስለሚያመጣው ትዕቢት የሚናገር ክፍል አነበብሁለት፤ እጄን ራሱ ላይ ጭኜ ጸለይሁና ሸኘሁት። ከዚያ በኋላ መዘምራን ውስጥ አልታየም። ቀጥሎም ከጉባኤው ጠፋ። በዚያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በከተማችን የደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ከቤታቸው ተሰደዱ። የአንድ ተማሪ ጥያቄ በዚያ ሁሉ ሐዘን ሥር ተቀበረ። እናቱ ግን አልረሳችም። እስከ ዛሬ በየእሑዱ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ስሙን ትጽፋለች።

እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው፣ በአርባዎቹ ዕድሜዬ፣ በጉባኤያችን ያለ አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ወንድም አጠገብ ተቀምጬ መማር የጀመርኩት። የተማርኩትን ባጭሩ ላካፍላችሁ። አይክበዳችሁ። ለእኔ ከገባኝ ለማንም ይገባል።

የማይጠፋው ሽሽታ

እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 በአሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ በሚባል ግዛት፣ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ትልቅ ቀንድ በሚመስል አንቴና ይሠሩ ነበር። አንቴናው ውስጥ የማይጠፋ ሽሽታ ሰሙ። ጣቢያ ስታፈላልጉ በመካከል የሚሰማውን ዓይነት ማለት ነው። ወደ ከተማ ቢያዞሩት ያው፤ ወደ ሰማይ ቢያዞሩት ያው፤ ቀን ያው፣ ሌሊት ያው፤ ክረምት ከበጋ ያው። አንቴናው ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተው ኖሮ፣ ጥፋቱ የእነርሱ ነው ተባለና ኩሳቸው ተጠረገ። ርግቦቹም ተይዘው ራቅ ወዳለ ቦታ ተላኩ፤ ተመልሰው መጡ። (ርግብ መቼ ቤቷን ትረሳለች!) መጨረሻ ላይ ተገደሉ። ሽሽታው ግን አልጠፋም።

ለካስ ጥፋቱ የርግቦቹ አልነበረም። ያ ሽሽታ ከሰማይ ሁሉ የሚመጣ የጥንት ብርሃን ቅሪት ነበር። ሳይንቲስቶቹ እንደሚሉት ዩኒቨርስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በጅማሬው እጅግ የጋለና የታመቀ ነበር። 380 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆነው ቀዘቀዘና ብርሃን እንደ ልቡ ሊጓዝ ቻለ። ያ ብርሃን እስከ ዛሬ በዙሪያችን አለ፤ ሙቀቱ ግን ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ያህል ወርዷል። የድሮዎቹ ባለ አንቴና ቴሌቪዥኖች ጣቢያ ሲጠፋባቸው የሚያሳዩትን ነጭና ጥቁር በረዶ ታስታውሳላችሁ? ከዚያ ውስጥ መቶኛው ያህል እርሱ ነው። ልጅ ሆነን ቴሌቪዥኑን እየመታን «አስተካክለው!» ስንባባል የነበረው ለካ ከጥንት የመጣ ነገርም አለበት። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

አሁን አንድ ጥያቄ ተነሣ። ይህ ብርሃን በሰማይ በየትኛውም አቅጣጫ ሙቀቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ። ከጅጅጋ በሚወጣው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ተጓዙ እንበል፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ጉብታውና ጉድጓዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ማለት ነው። (እንዲህ ያለ መንገድ ያየ ሰው ካለ ይደውልልኝ።) ይህ ለምን ያስቸግራል? በምሳሌ ልንገራችሁ።

ሁለት መንደሮች አሉ፤ አንዱ በጉናጋዶ በኩል፣ አንዱ በሞያሌ በኩል። ስልክ የለም፣ መኪና የለም፤ መልእክተኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ጊዜ አልነበረውም። ሁለቱም ጋ ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተቀምጠው ፈረዱ። ፍርዱ ቃል በቃል አንድ ሆነ፤ ካሳው በግመል ቁጥር እንኳ አልተለያየም። አንድ ጊዜ ከሆነ አጋጣሚ ነው ትሉ ይሆናል። ግን መንደር ሁሉ፣ በአራቱም ማዕዘን፣ እንዲሁ ቢፈርድስ? ያን ጊዜ አስተዋይ ሰው ምን ይላል? «እነዚህ ሰዎች ከመለያየታቸው በፊት አንድ ቦታ ተቀምጠው ነበር» ይላል።

የሰማዩም ነገር እንዲሁ ሆነ። በዚያ ብርሃን ሰማይ ላይ ጥቂት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ከሚሸፍኑት ስፋት በላይ የሚራራቁ ሁለት ቦታዎች፣ በቀድሞው ስሌት መሠረት ከቶ ተገናኝተው አያውቁም። በመካከላቸው ብርሃን እንኳ ለመሄድ ጊዜ አልነበረውም። ታዲያ ሙቀታቸው እንዴት አንድ ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1979 ታኅሣሥ ላይ አለን ጉዝ የተባለ፣ ገና ቋሚ ሥራ ያላገኘ አሜሪካዊ ወጣት ፊዚሲስት ሌሊት ተቀምጦ ሒሳቡን ሠራ። በ1981 ያሳተመው ሐሳብ ይህን ይላል፦ መላው የምናየው ሰማይ በመጀመሪያ እጅግ ትንሽ፣ በጣም የተቀራረበ ነበር። ከዚያ ለቅጽበት ብቻ በሚያስፈራ ፍጥነት ተነፋ። አንድ ሰከንድን ለቢሊዮን ክፈሉት፤ የተገኘውን እንደገና ለቢሊዮን ክፈሉት፤ ያንንም እንደገና ለቢሊዮን። ከዚያም ባጠረ ጊዜ ውስጥ ነው የሚሉት። የተነፋውስ ስንት እጥፍ? ቢያንስ 1 ጽፋችሁ 26 ዜሮ አስከትሉለት። መንደሮቹ አብረው ተቀምጠው ነበር፤ ከዚያ ነው በድንገት የተራራቁት።

ይህን ነገር ጉዝ ኢንፍሌሽን ብሎ ጠራው። በአማርኛ ግሽበት ነው። እኛ ግሽበት ሲባል ትዝ የሚለን የስኳርና የሩዝ ዋጋ ነው፤ አይደል? እርሱም ስሙን ያወጣው በአገሩ የዋጋ ንረት የሁሉም ሰው ወሬ በነበረበት ዘመን ነው።

ሌላም አለ። ያች ከመቶ ሺህ አንድ የሆነች ልዩነት ከንቱ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኮቤ የተባለች ሳተላይት ልዩነቷን ለክታ አሳየች። እዚህ ጥቂት ወፈር ያለ፣ እዚያ ጥቂት ሳሳ ያለ ነገር ስለ ነበረ፣ ወፈር ያለው በስበቱ ሌላውን እየሳበ ከብዙ ዘመን በኋላ ከዋክብትና የከዋክብት ማኅበራት ሆነ። የግሽበቱ ሐሳብ እንደሚለው እነዚህ ጉብታዎች ከዓይን ከማይታይ እጅግ ጥቃቅን መናወጥ ተነሥተው፣ ከሰማዩ ጋር አብረው ተነፍተው የመጡ ናቸው። ሁሉም ልስልስ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ የለችም፣ ምድር የለችም፣ እኔም ዛሬ ማይክሮፎን አልይዝም። ይህን ስሰማ አስተማሪው ወንድሜ ፊት ሃሌ ሉያ ብያለሁ፤ አልዋሽም።

አቧራው

በ2006ቱ ዜና ላይ ታየ የተባለው ምንድን ነው? ግሽበቱ በእርግጥ ሆኖ ከነበረ፣ በጥንቱ ብርሃን ላይ ልዩ የሆነ ጥምዝምዝ ምልክት ሊተው ይችላል። ባይሴፕ 2 ያንን ምልክት አየሁ አለ። ከግሽበት ሐሳብ አባቶች አንዱ ወደሆነው ወደ አንድሬ ሊንዴ ቤት አንዱ ተመራማሪ ሻምፓኝ ይዞ ሄዶ በር ሲያንኳኳ የሚያሳይ ቪዲዮ በዓለም ተሰራጨ። ነገር ግን በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ያለ ተራ አቧራም እንዲህ ያለ ምልክት ይሠራል። የአውሮፓውያን ፕላንክ የተባለች ሳተላይት አቧራውን ለካች። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ሁለቱ ቡድኖች ውጤታቸውን አንድ ላይ አድርገው መረመሩትና ማስረጃው አልቆም አለ።

እነርሱ አመኑ። በገሃድ፣ በስማቸው ፈርመው፣ የመጀመሪያው አባባላችን አልጸናም አሉ። እኔ ግን መድረኬ ላይ ሻምፓኝ ሳይኖር ሰክሬ ነበር፤ አቧራው ከታወቀ በኋላም የነቃሁት ልጁ ሲነግረኝ ነው። ሲነግረኝም አልነቃሁም!

ስለ ጉዝ የሰማሁት አንድ ነገር ደግሞ ይበልጥ ወጋኝ። ያ የ1981 ጽሑፉ ሐሳቡን ካቀረበ በኋላ፣ ግሽበቱ የሚያበቃበት መንገድ ችግር እንዳለበት፣ መስተካከልም እንደሚያስፈልገው ራሱ ጽፎበታል። ስህተቱን ጠላት ፈልጎ አላገኘበትም፤ ገና ሲያሳትመው ራሱ ተናገረ። በኋላ ሊንዴና ሌሎች አስተካከሉት። እኔ አንድም ቀን ስብከቴን ስጨርስ «እዚህ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም» ብዬ አላውቅም።

ወገኖቼ፣ ኢዮብ 13ን ዛሬ ማታ በቤታችሁ አንብቡት። ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ ወዳጆቹን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ወዳጆቹ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ቆመዋል። እርሱ ግን ለእግዚአብሔር ብላችሁ እውነት ያልሆነውን ትናገራላችሁ ወይ፣ ለእርሱ ስትሉ ታዳላላችሁ ወይ ብሎ ይሞግታቸዋል። በመጽሐፉ መጨረሻ ጌታ የተቆጣው በማን ላይ ነው? በጠያቂው ነው? አይደለም። በጠበቆቹ ላይ ነው። እኔ ይህን ክፍል ኮሌጅ ሳለሁ ተፈትኜበታለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አግኝቻለሁ። ሳላነበው ማለት ነው።

ቄሱና ጳጳሱ

አሁን የካቶሊክ ቄስ ልጠቅስ ነው፤ ፊታችሁን እንዳታጨማድዱ። ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን፣ ወደ ኋላ ብንመልሰው ደግሞ ከአንድ ጅማሬ እንደሚነሣ አስቀድመው ካሰቡት ሰዎች ዋናው ጆርጅ ለሜትር የተባለ የቤልጂየም ቄስ ነው። ቄስም፣ የሒሳብ ሊቅም ነበር። በ1927 ሐሳቡን ሲያሳትም አይንስታይን እንኳ ሒሳቡን ተቀብሎ ሐሳቡን አልወደደለትም። ታላቁ ፍንዳታ የሚለውን ስም ያወጣው ደግሞ የሐሳቡ ተቃዋሚ የነበረው ፍሬድ ሆይል ነው። የት መሰላችሁ? በሬድዮ! በ1949 በቢቢሲ ሲናገር። ሬድዮ ላይ የሚባል ነገር ዕድሜው ረጅም ነው፤ ስለዚህ ዛሬ እየተጠነቀቅሁ ነው።

በ1951 ኅዳር የሮማው ጳጳስ ፓየስ 12ኛ በሳይንስ ጉባኤያቸው ፊት ቀርበው ይህ ሳይንስ የዘፍጥረትን ብርሃን የሚመሰክር ያህል አድርገው ተናገሩ። ልክ እንደ እኔ ስብከት! ቄሱ ደስ የሚለው ይመስላችኋል? አላለውም። ሐሳቤ ገና ሐሳብ ነው፤ ከእምነት አንቀጽ ጋር አታስሩት የሚል አቋም ነበረው። ምክሩ ሳይደርሳቸው አልቀረም፤ ጳጳሱ በሚቀጥለው ዓመት በከዋክብት ተመራማሪዎች ፊት ሲናገሩ ያንን አልደገሙትም። ለሜትር በ1966 ሞተ። የዚያ የሽሽታው ግኝት ዜና የደረሰው ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር።

ሰውየው ጅማሬ አለ ብሎ አስቦ፣ የሳቁበት ሳቁ፤ ከዚያ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም እምነቱን በዚያ ላይ አላቆመም። ለምን? ሐሳቡ ቢወድቅ ጌታ አብሮ እንዳይወድቅበት ነው። እኔ ከልጁ ልብ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነው። የጌታን ስም በደቡብ ዋልታ ቴሌስኮፕ ላይ ሰቀልሁለት፤ ቴሌስኮፑ ሲሳሳት ስሙም አብሮ ወረደ።

በዘመናችንም በሁለት በኩል እንወድቃለን። አንዳንዶቻችን ታላቁ ፍንዳታ ሲባል የሰይጣን ፈጠራ ነው ብለን ልጆቻችንን እናስፈራራለን። አሁን በአገራችንም እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሳተላይትም አምጥቀናል። ልጆቻችን ነገ እዚያ ይሠራሉ። ሥራቸውን ሰይጣናዊ ብለን ነው የምንልካቸው? ሌሎቻችን ደግሞ፣ እንደ ያኔው እኔ፣ በየዜናው «ይኸው ተረጋገጠ» እንላለን። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 40 ሰማይ እንደ ድንኳን መዘርጋቱን ተናግሯል፤ ስለዚህ ግሽበትን ቀድሞ አወቀ ይላሉ። ተዉ! ኢሳይያስ ለምርኮኞች ነው የሚናገረው። ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች፣ አምላካችሁ ድንኳን እንደሚተክል ሰው ሰማይን የሚዘረጋ ነው፤ አትፍሩ እያለ ነው። ድንኳን መትከል ምን እንደሆነ ደግሞ በዚህ ክልል ለሚኖር ሰው አይነገረውም። የሶማሌ እናቶች ከግመል ላይ እንጨቱንና ምንጣፉን አውርደው ከመሸ በፊት ቤት ሲያቆሙ ያየ፣ የነቢዩ ነገር ይገባዋል። ያንን ወደ ፊዚክስ ፎርሙላ ስንለውጠው ማጽናናቱን እንሰርቀዋለን።

ስለ ስድስቱ ቀኖች ትጠይቁኛላችሁ፤ አውቃለሁ። 13.8 ቢሊዮን ዓመትና ስድስት ቀን እንዴት ይታረቃል? በሽማግሌዎቻችን መካከል ቀኖቹ የ24 ሰዓት ናቸው የሚል፣ በጸሎት የማከብረው ወንድም አለ። እኔ ፀሐይ የተጠቀሰችው በአራተኛው ቀን መሆኑን አይቼ፣ ጸሐፊው ሰዓት እየቆጠረልን አይደለም ብዬ አምናለሁ። ሁለታችንም በአንድ ማዕድ እንቆርሳለን። በዚህ ጉዳይ ማንም ከቤተ ክርስቲያን መውጣት የለበትም፤ ወጣትም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን።

ከግሽበቱ በፊትስ ምን ነበረ? ሳይንቲስቶቹ አያውቁም። ግሽበቱ ራሱ እስከ ዛሬ ሙሉ ማረጋገጫ አላገኘም። ከለካችሁት ከብዙው ጋር ይስማማል፤ ግን ሐሳቡን ካነጹት አንዱ የሆነው ፖል ስታይንሃርት በኋላ ዋና ተቺው ሆኗል። ታዲያ አንድ ፈተና አለ፤ እነርሱ አናውቅም ባሉበት ቀዳዳ እግዚአብሔርን መክተት። አትክተቱት! ነገ ቀዳዳው ሲሞላ ወዴት ልታወጡት ነው? የዕብራውያን ጸሐፊ ፍጥረት በእግዚአብሔር ቃል መገኘቱን የምንረዳበትን መንገድ ሲነግረን እምነት ነው ያለው። እግዚአብሔር የማናውቀው ቦታ አምላክ ብቻ አይደለም። የምናውቀውም የእርሱ ነው። ሽሽታውም፣ ከመቶ ሺህ አንዷም፣ አቧራውም።

አንድ ጊዜ በጉናጋዶ ያሉ ጥቂት አማኞችን ልጎበኝ ሄጄ ነበር። አስተማሪዎችና የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ በአንድ ክፍል ተሰብስበው ዝግ ባለ ድምፅ ይጸልያሉ። ማታ ደጅ ወጣሁ። መብራት የለም። ሰማዩን ብታዩት! ከዋክብቱ ጭንቅላታችሁ ላይ የሚወርዱ ነው የሚመስሉት። የጎረቤት አዛውንት፣ ግመል አርቢ፣ ሻሂ ይዘውልኝ መጡና አብረን ተቀመጥን። ሃይማኖታቸው እንደ እኔ አይደለም። «አዴር፣ ይህን ሁሉ ኮከብ ያውቁታል?» አልኋቸው። በእጃቸው እያመለከቱ የዝናብ ጊዜ የሚታወቅበትን፣ ሌሊት መንገድ የሚመራውን አሳዩኝ። አንዱን ጠየቅኋቸውና «ይህን አላውቀውም፤ አባቴም አላሳየኝም» አሉኝ። እንዲህ፣ በቀላሉ። ፓስተር ተብዬ የምጠራው እኔ ያንን አንድ ቃል ለገዛ ልጄ ልናገረው አልቻልኩም ነበር።

ጌታ ኢዮብን በምዕራፍ 38 ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲያናግረው መልስ አልሰጠውም፤ ጠየቀው። የምድር መሠረት ሲጣል የት እንደ ነበረ ጠየቀው። የኢዮብ መልስ ዝምታ ነው። ያ ዝምታ ሽንፈት አልነበረም። ልጆቹን የቀበረ፣ ጤናውን ያጣ ሰው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ያሳረፈው ከመጀመሪያ የነበረው እርሱ ራሱ መጥቶ ስላናገረው ነው። በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ የምናገኘው ደግሞ ያ ከመጀመሪያ የነበረው ሥጋ ለብሶ፣ በአቧራማ መንገድ ላይ በእግሩ እየሄደ ነው። በእኛ አቧራ ላይ። ለኃጢአተኛ የሞተውም እርሱ ነው፤ የሚያስተምሩትን ሳያጣሩ ለሚያስተምሩ ጭምር።

ከጥቂት ወራት በፊት ልጁን ደወልሁለት። አሁን በሌላ ከተማ ያስተምራል። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የሆነውን ሁሉ ዘረዘርሁ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ፓስተር፣ ይህን ለሕዝቡ ነግረዋቸዋል?»

አልነገርኩም ነበር። ዛሬ ነገርኩ። ለልጆቻችሁም ንገሩልኝ፤ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ አስተማሪው ወንድማችን አርብ አርብ ይገኛል፤ ጥያቄ ያለው ይምጣ፤ በጥቅስ የሚዘጋው የለም።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ሰማይን የሠራህ አንተ ነህ፤ የሠራህበትን መንገድ ግን ሳላውቅ እንዳወቅሁ ሆኜ በስምህ ተናግሬአለሁ። ይቅር በለኝ። በቃሌ የተሰናከለውን ልጅ፣ እንደ እርሱ ያሉትንም፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በራስህ መንገድ አግኛቸው። እናቱን አጽናናት። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።